እትዬ እናናየሁ ያገኟቸው ቦታዎች

ቤይሩት፣ ኅዳር 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደዱት አክስቴ ለእትዬ እናናየሁ ወልደአረጋይ፤
ጎረቤላ፣ አንኮበር።

እንደምን ከርመዋል? የአንኮበሩ መድኃኔ ዓለም እርስዎንም በቅሎዎችዎንም ከክፉ ይሰውርልኝ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ።

በመስከረም እመጣለሁ ብዬ ጽፌልዎት ነበር። የቀለም ፊልም ማጠብ የምማርበት ቤት ትምህርቱን ስላራዘመው ቀረሁ። በጥር ግን ያልቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ስለ አንድ ብርቱ ጉዳይ ነው።

ከመሄዴ በፊት አንድ የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አገራችንን ለሚጎበኙ እንግዶች መጽሐፍ ሊያወጣ አስቦ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበርና እስከ ቆላው ድረስ ያለውን አገር ፎቶግራፍ እንዳነሣለት ተዋውለን ነበር። የሚፈልገው ሃያ ሥዕል ነው፤ ቀኑም የሚያዝያ መጨረሻ ነው። እንግዲህ በጥር ብመጣ ቦታ ስፈልግ የማጠፋው ጊዜ የለኝም። እርስዎ ግን ከአሊዩ አምባ ደብረ ብርሃን በርበሬና ጨው ሲያመላልሱ ሠላሳ ዓመት ሆነዎት፤ የማያውቁት መታጠፊያ የለም። እባክዎ በሚያልፉበት ሁሉ ለፎቶግራፍ የሚሆን ቦታ ይፈልጉልኝ። የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚታይ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት ከየት እንደምትመጣ፣ በቅሎ ይደርስ እንደሆነ እየጻፉ ይላኩልኝ።

ሸሪኬን ገብረኪዳንን እንዳልጠይቀው፣ እርሱ ደብረ ብርሃን ካለው ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ወጥቶ አያውቅም። የሚያውቀው ለመታወቂያ የሚሆን ፊት ነው እንጂ ተራራ አይደለም።

አያቴ መሪጌታ እርስዎን ከወንዶቹ ጋር አስቀምጠው ፊደል በማስቆጠራቸው ዛሬ እኔ ተጠቀምኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያስቸገርኩዎት ሁሉ አልበቃ ብሎኝ ይህን ደግሞ ጨመርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ያሳደጉት ልጅዎ
ብርሃነ መስቀል


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብርሃነ መስቀል።

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴ ዳገት ላይ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። በቅሎዎቹም ደህና ናቸው፤ ትልቋ ትንሽ ጀርባዋ ተልጦ ነበር፣ አሁን ድኗል።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ስሄድ የማየው የበቅሎ ኮቴና የጭነት ገመድ ነው። ቀና ብዬ አገር ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን አንተ ባዘዝከኝ ቀና እያልኩ እሄዳለሁ፤ ሁለት ጊዜም ተደናቅፌ ወድቄአለሁ። ግን ልጄ፣ ለካ የምንኖረው እንዲህ ያለ አገር ላይ ኖሯል?

እንግዲህ ጻፍ። ከጎረቤላ ወጥተህ ወደ ድሮው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ስትወጣ፣ ከጥዶቹ ዝቅ ብሎ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ቁም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከአዳል በረሃ በኩል ብቅ ስትል፣ ከታች ያሉት ኮረብቶች አንዱ ከአንዱ ጀርባ እየሳሱ ይታያሉ። የመጨረሻው ኮረብታ ይሁን ሰማይ አይለይም። ሦስት ሰዓት ካለፈ አትድከም፤ ሁሉም አቧራ መስሎ ነው የሚጠብቅህ። በቅሎ ይደርሳል።

ጣርማ በር ላይ፣ የመኪናው መንገድ ተራራውን ቀዶ ከሚገባበት ዋሻ አጠገብ፣ ደመናው ከደብረ ሲና በኩል ከሥር ወደ ላይ ሲንከባለል ይመጣል። ደመና ከእግሬ ሥር ሲነሣ እያየሁ ቆምኩ። የተሳፈርኩበት መኪና ሾፌር "እማማ፣ ገደል እኮ ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ አለፍ ስትል፣ ጅብራው እንደ ዘብ የቆመበት ሜዳ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሰው አይፈሩም፤ ነገር ግን ሳቅ አይወዱም። ስስቅ ተነሥተው ሄዱ።

ደብረ ብርሃን ደግሞ በሬሳ ወንዝ ዳር ነው፤ ውርጩ ሳይቀልጥ። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሴቶቹ ሱፍ ሲያጥቡ ከእጃቸው እንፋሎት ይወጣል።

ለአሊዩ አምባ ሙሂባን ጠየቅኋት፤ ጨው የምትሸጥልኝን ጓደኛዬን። "አንቺ፣ እዚህ አገር ቆንጆው ቦታ የቱ ጋ ነው?" ብላት ተገርማ አየችኝና፣ "ወላሂ እናናየሁ፣ ለእኔ ቆንጆው ቦታ ጨው የጫነው ግመል ከቆላ ሲመጣ መጀመሪያ ብቅ የሚልበት ነው" አለችኝ። ይዛኝ ሄደች። ከገበያው በላይ ካለው መታጠፊያ ነው። እውነቷን ነው፣ መንገዱ እንደ መቀነት ተጠምጥሞ ሲወርድ ሁሉም ይታያል።

ሌላም እፈልግልሃለሁ። አሁን አንተ መልስልኝ። ምን ትበላለህ? ማን ያበስልልሃል? ደብዳቤህ ለምን በእርሳስ ተጻፈ? እዚያ አገር ቀለም የለም ወይ?

አክስትህ እናናየሁ


ቤይሩት፣ ጥር 2 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተወደዱት አክስቴ ለእትዬ እናናየሁ።

እግዚአብሔር እንደ ልብዎ ይስጥዎት። ደብዳቤዎ ከገባ ጀምሮ ከትራሴ ሥር ነው። የጻፉልኝን ቦታ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩበት፤ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ጫማዬን ያረጠበኝ መሰለኝ።

እርሳሱ ምንም አይደለም፤ ብዕሬ ስለሚያፈስ ነው። ምግቡም ደህና ነው፤ ወተት በብዛት ይሰጡናል።

ነገር ግን በጥር መምጣቴ አልሆነም። ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ፎቶ ቤት ውስጥ ሁለተኛዋ ካሜራዬ አለች። ገብረኪዳን ፊልም ያስገባልዎት፣ አያያዙንም ያሳይዎት። ቦታዎቹን እርስዎ ያንሡልኝ። ራሴ ብችል ኖሮ እርስዎን አላስቸግርም ነበር፤ ነገር ግን ውሉ እንዲፈርስ አልፈልግም። አራት አምስት አንሥተው ይላኩልኝና ልያቸው።

በናፍቆት
ብርሃነ መስቀል


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 16 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብርሃነ መስቀል።

ያን ጉንፋንህን መድኃኔ ዓለም ከሥሩ ነቅሎ ይጣልልህ። ወተቱን ጠጣ። ማን ነው ወተቱን የሚሰጣችሁ? ትምህርት ቤት ወተት ይሰጣል ወይ?

ደብዳቤህን ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። አቶ ገብረኪዳን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"ወይዘሮ እናናየሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ይህን መያዝ ይችላሉ?" አለኝ።

"ስንት ኩንታል ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ካንድ ጥቅል ጎመን አይበልጥም" አልኩት።

ካሜራህ ግን ጉድ ናት። ደረት ላይ ተይዛ ከላይ ወደ ውስጧ ነው የሚታየው፤ አንገቴን ደፍቼ ሳያት ጸሎት የማደርስ ነው የምመስለው። ደግሞ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ ታደርገዋለች። በቅሎዋ ወደ ቀኝ ስትሄድ እኔ ወደ ግራ ተከትያት አጥር ውስጥ ገባሁ።

የመጀመሪያውን ፊልም ሳምንት ሙሉ ለፍቼ አነሣሁ። አቶ ገብረኪዳን ከጨለማው ክፍል ሲወጣ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። "ወይዘሮ እናናየሁ፣ አንዱን አንሥተው ወደ ሌላው ሳያልፉ ፊልሙን ማጠንጠን ረስተዋል። አሥራ ሁለቱንም በአንዱ ላይ ደርበውታል" አለኝ። አሳየኝ። መድኃኔ ዓለም ጣሪያ ላይ በቅሎዬ ቆማለች፤ በበቅሎዋ ሆድ ውስጥ የበሬሳ ወንዝ ይፈሳል። መጀመሪያ ላለቅስ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሁለታችንም ሳቅን። እርሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም" አለኝ።

ከዚያ በኋላ "ማጠንጠኑን እንዳይረሱ አብሬዎት ልሂድ" ብሎ ፎቶ ቤቱን ዘጋና አሊዩ አምባ ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። "አቶ ገብረኪዳን፣ ይህን ዓይን ጨፍኖ የሚሄድ ሰው የለም" ብለው፣ "ወይዘሮ፣ እኔ የለመድኩት ወንበር ነው" አለኝ።

ከመታጠፊያው ላይ ካሜራውን አስተካክዬ ስይዝ ግመል ብቅ አለች። ከኋላዋ ሙሂባ።

"እናናየሁ! ምን ይዘሽ ነው የቆምሽው?"

"ዞር በይልኝ፤ አገር ላነሣ ነው።"

"ታዲያ እኔስ አገር አይደለሁም?" አለችና ግመሏን አቁማ ሳቀች። አነሣኋት።

አራት ሥዕል ልኬልሃለሁ። አቶ ገብረኪዳን ጥሩ ናቸው ይላል። አንተ ምን ትላለህ?

አክስትህ እናናየሁ


ቤይሩት፣ የካቲት 28 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለእትዬ እናናየሁ።

ሥዕሎቹ ደርሰውኛል፤ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ለመጽሐፉ እንዲህ ሆነው አይሆኑም። በሬሳ ላይ አድማሱ ተጣሟል። በአራቱም ውስጥ ሰው አለ። የአሊዩ አምባው ቦታ እጅግ ጥሩ ነው፤ ግን ወይዘሮ ሙሂባ መሐል ላይ ቆመው ይስቃሉ። ጎብኚ የሚፈልገው ተራራውን ነው እንጂ ጨው ነጋዴ አይደለም። እባክዎ ከእንግዲህ ሰው አያስገቡ። ሰው ካለ እስኪያልፍ ይጠብቁ።

ገብረኪዳንም ዝም ብሎ ጥሩ ነው ከማለት ስሕተቱን ቢነግርዎት ይሻል ነበር። ይህ ሥራ ከተበላሸ ለእኔ የሚቀረኝ ነገር የለም።

ብርሃነ መስቀል


ቤይሩት፣ መጋቢት 27 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተወደዱት አክስቴ ለእትዬ እናናየሁ።

ወር ሊሆን ነው፤ ደብዳቤዎ አልመጣም። ፖስታ የሚያድለው ሰው በመጣ ቁጥር ስሜን ካልጠራ ቀኑ አያልቅልኝም። እንዲያ ባለ ቃል ለእርስዎ መጻፌን ሳስብ አፍራለሁ። አንኮበር ተወልጄ፣ በእርስዎ እጅ አድጌ፣ ምስጋናዬ ይህ ሆነ? ሥዕሎቹ ከፊቴ ናቸው። በየቀኑ አያቸዋለሁ። አድማሱም ያን ያህል አልተጣመመም።

ሥዕል ባይልኩልኝም ግድ የለም፤ ወሬ ብቻ ይጻፉልኝ። በልግ ገባ? ትልቋ በቅሎ እንዴት ናት? ደህና መሆኔን እንዲያዩ አንድ ጓደኛዬ ያነሣኝን ፎቶግራፍ ልኬልዎታለሁ። ለመጪው ትንሣኤ ያድርስዎት።

ይቅርታዎን የሚጠብቀው
ብርሃነ መስቀል


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብርሃነ መስቀል።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ፋሲካን ያለ አንተ መፈሰክ አሁንም አልለመድኩም።

ዝም ያልኩህ ተቀይሜ አይደለም። እውነት ለመናገር ትንሽ ተቀይሜ ነበር፤ ሁለት ቀን። ከዚያ ግን መንገድ ላይ ነበርኩ። በልግ ገብቶ የአንኮበር ገብስ ብቅ ብሏል፤ ይህ ሳያልፍ ልድረስበት ብዬ ነው። ወደ ደነባ ሄደን ከዚያ ወዲያ ያለውን የጀማን ገደል አነሣን። ሜዳው ሲሄድ ሲሄድ ድንገት ያልቅና ከእግርህ ሥር ሌላ አገር ይከፈታል። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጭጋጉ እስኪገለጥ ሦስት ቀን ከአንዲት መበለት ቤት አደርን። አንተ እንዳልከው ሰው የሌለበት አነሣሁልህ። ባዶ ነው። ቆንጆ ነው። ግን እዚያ ቦታ ሰው የሌለበትን ሰዓት ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እንግዲህ የትኛው ነው እውነተኛው አገር? እኔ አላውቅም፤ አንተ ተማር ተብለህ የሄድከው ንገረኝ።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ።

የላክህልኝ ፎቶግራፍህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ፎቶ ቤት ሄጄ ለገብረኪዳን ሰጠሁት። "እየው፣ ልጄ እንዴት አምሮበታል" አልኩ። እርሱ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ መነጽሩን ለእኔ ሰጠኝ።

"እናናየሁ፣ አንቺ ራስሽ እዪው። አሁን ማየት ታውቂያለሽ" አለኝ።

አየሁ። ኮቱን ያለበስኩህ እኔ ነኝ፤ ስትሄድ ትከሻህ ላይ ልክ ነበር። አሁን ትከሻው ወደ ክንድህ ወርዷል። ከኮቱ ሥር የሚታየው የሸሚዝ አንገት አይደለም፤ የመኝታ ልብስ ነው። ጥላህ እግርህ ሥር ተሰብስቧል፤ እንግዲህ ቀትር ነው። በቀትር የመኝታ ልብስ ለብሶ የሚማር ተማሪ የት አገር ነው ያለው? ከኋላህ ባለው መስኮት ላይ ነጭ ቆብ ያደረገች ሴት ትታያለች።

ገብረኪዳን "ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል" አለኝ። እርሱም እንዳላመነው ከድምፁ አወቅሁ። ወንበሩን ሳበልኝና ተቀመጥኩ። ያ ሰዎች ፎቶ ሲነሡ የሚቀመጡበት ወንበር ነው። እዚያ ተቀምጬ ብዙ አለቀስኩ።

ልጄ፣ የት ነው ያለኸው? ያመመህ ምንድን ነው? ቃሉን ጻፈው። የማላውቀው በሽታ ነው የሚያስፈራኝ። ስሙን ካወቅሁት እንደ ሌላው ዳገት ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ።

እናትህም እናናየሁ


ቤይሩት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለእናቴም ለአክስቴም ለእትዬ እናናየሁ።

ያለሁት ከቤይሩት በላይ፣ ተራራ ላይ፣ በጥድ የተከበበ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ። ያመመኝ ሳንባ ነው፤ ነቀርሳ። እነሆ ጻፍኩት።

ደም ያየሁ ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት እርስዎን ነበር። ቢሰሙ በቅሎዎቹን ሸጠው ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው ፎቶ ቤቱ ነው። የዚህ በሽታ ስም ከተሰማ ማን ነው እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ የሚቀመጠው? ገብረኪዳን ባዶ ቤት እንዲጠብቅ ማድረግ አልፈለግሁም። እንዲህ እያልኩ አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ሸፈንኩ።

ደብዳቤዬ በእርሳስ የሆነው ተኝቼ ስለምጽፍ ነው፤ ብዕር ወደ ላይ አይጽፍም።

ቦታ ይፈልጉልኝ ያልኩት መጀመሪያ ለመጽሐፉ ብዬ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። በኋላ ግን ሌላ ሆነ። እዚህ ከአልጋ እንድንነሣ የሚፈቅዱልን ለጥቂት ጊዜ ነው። ክፍላችን ውስጥ አምስት ነን፤ ሁሉም ጣሪያውን ያያል። እኔ ግን የእርስዎን ደብዳቤ ይዤ ከጎረቤላ እነሣለሁ፤ ጥዶቹን አልፌ ድንጋዩ ላይ እቆማለሁ፤ ሰዓቱን አያለሁ፤ ሳላርፍ ወደ አሊዩ አምባ እወርዳለሁ። ሐኪሙ እንዳልንቀሳቀስ ያዘዘኝ ቀን ሁሉ የምሄደው እንዲህ ነው።

ሰው አያስገቡ ያልኩት ነገር ቆጨኝ። ለመጽሐፉ ብዬ አልነበረም። ወይዘሮ ሙሂባ ግመላቸውን ይዘው ሲስቁ ሳይ፣ እነዚያ ሴቶች በሬሳ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያጥቡ ሳይ፣ ሁሉም ሰው እንደ ድሮው እዚያ አለ፤ የሌለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀናሁ፣ እትዬ። ባዶ ተራራ ቢሆን ኖሮ ማንም የለም፤ እኔም አለመኖሬ አይታወቅም ነበር። እውነተኛው አገር የትኛው እንደሆነ ጠይቀውኛል። ወይዘሮ ሙሂባ ያሉበት ነው። ይህንን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለገኝም፤ መታመም ነው ያስፈለገኝ።

ሥዕሎቹን እርስዎ እንደመረጧቸው፣ ከነሰዎቻቸው፣ በራስዎ ስም ለማተሚያ ቤቱ ይስጧቸው።

ስለ በሽታው አይፍሩ። የዛሬ ዘመን መድኃኒት አለው፤ መርፌና ክኒን በየቀኑ እወስዳለሁ። ባለፈው ወር ሁለት ኪሎ ጨምሬአለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገብረኪዳን "አንቺ" ማለት የጀመረው መቼ ነው? በየካቲት ደብዳቤዎ "ወይዘሮ እናናየሁ፣ እርስዎ" ነበር የሚልዎት።

ልጅዎ ብርሃነ መስቀል


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 13 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብርሃነ መስቀል።

መድኃኔ ዓለም የተመሰገነ ይሁን። ስሙን አወቅሁት። ነቀርሳ። ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ ቤቱም አልፈረሰብኝም። ከእንግዲህ ከእኔ የምትደብቀው አይኑር። ከገብረኪዳን ሌላ ለመድኃኔ ዓለሙ መሪጌታ ለዘርአ ዳዊት ብቻ ነግሬአቸው በየቀኑ በጸሎት ስምህን ያነሣሉ። ገብረኪዳን ደግሞ ስለ ፎቶ ቤቱ የጻፍከውን ሲያነብ ወንበሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠና፣ "ንገሪው፤ ማንም ባይመጣ እኔ እቀመጥበታለሁ" አለ።

ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ለቀኑ ብዬ ሚያዝያ 28 አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሃያውን ሥዕል ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤ ነው በአውቶቡስ የሄድኩት። የማተሚያ ቤቱ ሹም አቶ ተክለጊዮርጊስ ይባላል። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው፤ ቆሞ እየዞረ አያቸው። ጨው ስሸጥ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

"እነዚህን ያነሣው ማነው?" አለ።

የአንተን ስም ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። እርሱ ቀደመኝ። "አቶ ብርሃነ መስቀል ያነሣቸውን ሌሎች ሥዕሎች አይቻለሁ። ጥሩ ናቸው፤ ግን እነዚህ የእርሱ አይደሉም። ይንገሩኝ።"

"ካሜራው የእርሱ ነው። ያዘዘኝም እርሱ ነው። ያጠበውና ያተመው አቶ ገብረኪዳን ነው። ቦታው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

የሙሂባን አነሣና ሳቀ። "ይህች ሴትዮ ምን ብላዎት ነው እንዲህ የምትስቀው?"

ነገርኩት። ሥዕሉን ቶሎ አላስቀመጠውም። አሥራ ሰባቱን ወሰደ፤ ሦስቱን መለሰልኝ። ከመለሳቸው አንዱ ያ ጣርማ በር ላይ ሦስት ቀን የጠበቅሁለት ባዶው ነው። እርሱን ለአንተ ልኬልሃለሁ። ልትቆምበት ስትፈልግ ማንም አይጋፋህም። መጽሐፉ ላይ የሦስታችንም ስም ይጻፋል፤ ያንተ መጀመሪያ። እንዲያ ካልሆነ አልሰጥም ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ዓይንህ አልታመመም ማለት ነው።

"አንቺ" ማለት የጀመረው ጀማ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ካሜራውን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ፣ እርሱ ከፍታ የሚፈራው ሰው ሮጦ መጥቶ በነጠላዬ ያዘኝና "ምን ሆነሻል አንቺ!" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ በኋላ ወደ "እርስዎ" መመለስ አልቻለም፤ እኔም እንዲመለስ አልፈለግሁም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በቁርባን እንድንጋባ ጠየቀኝ። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እርሱ ሃምሳ ስምንት። ልጄን ሳልጠይቅ አልመልስልህም አልኩት። እርሱም "ከእርሱ ጋር ስንት ዓመት ሸሪክ ነኝ፤ እንዲህ የፈራሁት ቀን የለም" አለ።

እንግዲህ አንተ ትፈቅዳለህ ወይ?

አክስትህ እናናየሁ


ቤይሩት፣ ነሐሴ 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለተወደዱት አክስቴ ለእትዬ እናናየሁ፤ ለሸሪኬም ለጋሼ ገብረኪዳን።

ከዛሬ ጀምሮ "ጋሼ" ነው የምለው፤ ይልመደው። ይህ የእኔ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ከጠየቃችሁኝ፣ በሁለቱም እጄ ፈቅጃለሁ። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን ጮክ ብዬ ሳቅሁና ነርሷ ያመመኝ መስሏት ሮጣ መጣች። መልሴ የዘገየው ምርመራው እስኪያልቅ ስለጠበቅሁ ነው። ግማሽ ወሬ ልጽፍልዎት አልፈለግሁም።

አሁን ሙሉውን ወሬ ይዣለሁ። ሐኪሙ ትናንት ፎቶዬን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። ይህ የሳንባዬ ፎቶ ነው፤ እንደ እኛው ኔጋቲቭ ነው። ጥላ የነበረበት ቦታ ጠርቷል። የሚቀረኝን ክኒን እቤቴ ሆኜ እንድጨርስ ፈቅዶልኛል፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም ብሎኛል። መስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት፣ ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ እደርሳለሁ።

ሥርዓተ ቁርባኑን እስክመጣ አቆዩልኝ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመጡ ካሜራ አታምጡ። እጅግ ቀጭኛለሁ፤ ፀጉሬም ሳስቷል። እንዲህ ሆኜ መነሣት አልፈልግም። ትንሽ ስወፍር ታነሡኛላችሁ።

ልጃችሁ ብርሃነ መስቀል


ደብረ ብርሃን፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብርሃነ መስቀል።

በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። መድኃኔ ዓለም ራሱ ይወቅልኝ። ሙሂባም ስነግራት "አልሐምዱሊላህ" ብላ በእጄ ላይ አለቀሰች። ገብረኪዳን "ጋሼ" የሚለውን አንብቦ ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ቁርባኑን ለጥቅምት አድርገነዋል። ክፍልህን አጽድቼ መስኮቱን አስፍቼዋለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ አልጋህ ድረስ ትደርሳለች። ወተት የምታመጣ ሴትም ተነጋግሬአለሁ።

ልመናህን ግን አልቀበልም። ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ለመጽሐፉ ጉዳይ ስንሄድ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄደን ቦታውን አይተናል። ተቀባዮች ከሚቆሙበት አጥር በስተግራ ምሰሶ አለ፤ ከእርሱ አጠገብ ሲቆም የአውሮፕላኑ ደረጃ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ከኋላችን ናት፤ ፊትህን ታበራዋለች። ጥበቃው ምን እንደምንሠራ ጠይቆን ስንነግረው፣ የዚያን ቀን ቦታውን እንደሚይዝልን ቃል ገብቷል።

ቀጭነህ ነው የምናነሣህ። በዓመቱ ደግሞ እዚያው ቦታ ወስደን፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ኮት አልብሰን እናነሣሃለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን፣ ሦስታችንም ተቀምጠን እናያቸዋለን።

እናትህ እናናየሁ